ሐዘን ባለበት ቤት በዓል ሲገባ

የተከበራችሁ አንባብያን፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን ስንጽፍ «እንኳን አደረሳችሁ» መባል የሚከብዳቸውን ቤቶች እያሰብን ነው። ድንኳኑ ተነሥቷል፣ አርባው ወጥቷል፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ተበትኗል። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ግን አባት ይወስደው የነበረውን ብልት ማን ያንሣው? እድራችን ቀብሩንና ሰልስቱን አሳምሮ ያውቅበታል። በዓል ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን «እንዳናስታውሳት» ብለን የሐዘንተኛዋን በር ሳናንኳኳ እናልፋለን። እሷ የረሳችው ነገር የለም፤ የቀረባት ሰው ነው።

በዚህ እትም ፀጉርን ከሐዘን ጋር አብረን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለዓመት በዓል ሹሩባ መሠራት ደንብ በሆነበት አገር፣ ያዘነች ሴት ፀጉሯን ትተዋለች። ከከባድ ሐዘን ሁለት ሦስት ወር ቆይቶም ማበጠሪያው ላይ እፍኝ ሙሉ ፀጉር ሊቀር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ያድጋል፤ ይህን ባለማወቅ ግን በሐዘን ላይ ድንጋጤ የሚጨመርባቸው ብዙ ናቸው።

ስለዚህ የተያያዘ ፀጉር ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እንዴት እንደሚፈታ፣ ግንባር ላይ የተወጠረ ሹሩባ ሥሩን ለምን እንደሚጎዳ፣ ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ በምን እንደሚለቅ ታነባላችሁ። በበዓል ዋዜማ ሐዘን ቤት ገብቶ ምን ማለት እንደሚገባ፣ ምንስ አለማለት እንደሚሻል የሚናገረውን ጽሑፍ ግን አደራ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ አንብቡልን።

አዘጋጁ