ሙሽራው ቢራ መግዛት አይችልም

ባለፈው ጥር አንድ ዘመዴን ዳርን። ዕድሜው 20 ነው። ሙሽሮቹ ክንዳቸውን አቆላልፈው ከየብርጭቋቸው ፉት ሲሉ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ካሜራማኑም አልያዝኩትም ብሎ አስደገማቸው። ይኸው ልጅ በዋዜማው ሰፈሩ ካለ ግሮሰሪ ጎራ ብሎ ለሠርጉ ሁለት ሣጥን ቢራ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ የሸጠለት ሰው ሕግ በጣሰ ነበር። በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት የሞላው ትዳር ይመሠርታል፤ በሕገ መንግሥቱም ይመርጣል። ቢራ ለመግዛት ግን ሙሽራችን ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።

በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ አልኮል የሚሸጥለትን ሰው ዕድሜ ከ18 ወደ 21 ከፍ ሲያደርግ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል። እኔም አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ሳየው ግን ያጨበጨብነው ለቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ልጆቻችን ይጠበቃሉ ብለን ተኛን።

ያው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል። ይህኛው ሠርቷል። ከዜና በፊት ይፈስ የነበረው የቢራ አረፋ ከቴሌቪዥናችን ደረቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጣቢያዎቹ የሚቆጠሩ ናቸው፣ ተቆጣጣሪውም ቢሮው ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። የዕድሜው ነገር ግን በየግሮሰሪው፣ በየጠላ ቤቱ፣ በየአረቄ ቤቱ ባንኮኒ ላይ በየማታው መፈጸም ነበረበት። ማን ይፈጽመው?

ደግሞስ የማንን ዕድሜ? የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። ዛሬ በ18 እና በ21 መካከል ያሉት ልጆች በሙሉ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ብዙዎቹ መታወቂያቸው ላይ ያለው ዕድሜ በቃል የተነገረ ነው፤ ለትምህርት ቤት የተቀነሰ፣ ለሥራ የተጨመረ። (የታዳጊ ቡድን ተጫዋቾቻችንን ነገር ባናነሣው ይሻላል።) እንዲህ ባለ አገር 18ንና 21ን ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚለይ ሻጭ ከወዴት ይመጣል?

በ21 ዓመት የምትታወቀው አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1984 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ የመጠጥ መግዣ ዕድሜን 21 ያላደረገ ግዛት ከፌዴራል የአውራ ጎዳና ገንዘብ እንዲቀነስበት አደረገ። ከመንገድ ገንዘብ ጋር የታሰረው ያለ ነገር አይደለም፤ ጣጣው መኪና ነበር። እዚያ የ18 ዓመት ልጅ ጠጥቶ መሪ ይጨብጣል። ሕጉ ሕይወት አድኗል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችንን ጠይቁ፤ ፀጉሩ የሸበተ ሰው እንኳ ወይን ሊገዛ ሲቀርብ መንጃ ፈቃድህን አሳይ የሚባልበት ጊዜ አለ። ቁጥሩን የሚያስከብረው ይህ ጥያቄ ነው። እኛ ጋ ቁጥሩ አለ፣ ጥያቄው የለም።

ይልቅ ከእናቶቻችን ጓዳ ብንማር ይበጅ ነበር። በቤታችን መጠጥ ሁሉ አንድ አልነበረም። ለልጅ ብርዝ ይቀዳለታል፤ ማር በውኃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ሳይነካው። ከፍ ሲል ቅራሪ ይደርሰዋል። ጠላ ከዚያ በኋላ ነው፣ ጠጅ ደግሞ በዓል ሲሆንና ሰው ሲበቃ። አረቄ የትልልቆቹ ነበረች፤ ያቺ ትንሽ መለኪያ ወደ ልጅ እጅ አትሄድም። ልጅን ማቅመሱ ልክ ነበር አልልም፤ ስካርም በየቤቱ ነበር። ደረጃ ግን ነበረው። ጀርመኖች በሕጋቸው ያደረጉት ይህንኑ የሚመስል ነው፤ ቢራና ወይን በ16፣ ጠንካራው መጠጥ በ18። የእኛ አዋጅ ቢራውንም ዳግም አረቄውንም በአንድ ቁጥር ደረደራቸው። ሁለቱም እኩል ከተከለከሉበት ኪሱ የሳሳው የ19 ዓመት ልጅ የቱን ይመርጣል? ቶሎ የሚያሰክረውን፣ ርካሹን፣ በውኃ ፕላስቲክ ተደርጎ የሚሸጠውን።

የሰው አንጎል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ያድጋል የሚል ክርክር እንደሚቀርብ አውቃለሁ። እውነት ነው። ያልተከበረ አንቀጽ ግን የማንንም አንጎል አይጠብቅም። ስለዚህ ለቢራ፣ ለጠላና ለጠጅ 18 ይሁን፣ ለአረቄና ለመሰሎቹ 21 ይቆይ፤ ለ15 ዓመት ተማሪ የሸጠ ደግሞ ያለ ምልጃ ፈቃዱን ይነጠቅ። ለ20 ዓመት ሙሽራ የሸጠውንና ለተማሪ የሸጠውን በእኩል ዓይን የሚያይ ሕግ ሁለቱንም አያስፈራም።

ይህን ከመጻፌ በፊት የሰፈሬን ባለ ግሮሰሪ ጠየቅኋቸው። ሁለት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ያለውን ጠርሙስ አልደበቁትም።

«እትዬ፣ መታወቂያ ይጠይቃሉ?»

«እንዴታ፣ ልጄ!» አሉ፣ መሳቢያውን ስበው እያሳዩኝ። በላስቲክ የታሰረ የመታወቂያ ክምር ነበር። «ጠርሙስ ይዞ የሚወጣ ሁሉ ያስይዛል። ጠርሙሱን ሲመልስ እመልስለታለሁ።»