«በፍሬ ነው በፓኮ?»

ጓዶች፣ እስቲ እንተዛዘብ! አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ አይሸጥም ይላል። ከአጅባር ተነሥቶ መካነ ሰላም ግቢያችን የገባው ፍሬሽ ስንት ዓመቱ ነው? ቢበዛ አሥራ ዘጠኝ። ታዲያ በሩ ላይ የቆመው ጀብሎ መታወቂያ ጠይቆት ያውቃል? «በፍሬ ነው በፓኮ?» ብቻ ነው ጥያቄው።

መርዙ ያለው እዚችው «በፍሬ» ላይ ነው። ሕጉ የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 ከመቶ በማስጠንቀቂያ ሥዕል ይሸፈን አለ፤ በፍሬ የሚገዛው ልጅ ግን ፓኮውን መች ያየዋል? በ2012 በፓኮ ላይ ከ30 ከመቶው ሌላ የተጣለው 8 ብር ኤክሳይስም ለሃያ ሲካፈል 40 ሳንቲም ነው። ማን ይሰማዋል!

ጀብሎውን አባሩልኝ አላልኩም፤ እሱ የዕለት ጉርሱን ፈላጊ ነው። ዋናው ትርፍ ሌላ ቤት ነው የሚገባው፦ በ2008ና በ2010 በተፈጸመው ሽያጭ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ከ70 ከመቶ በላይ ድርሻ ለጃፓን ኩባንያ ተላልፏል። ከንፈር ያስቆርጥ ነበር የሚባለው የአፄ ዮሐንስ ቅጣትም ይቅርብን። እኔ የምለው፦ የተማሪ ኅብረቱ ከባለሱቆቹና ከዕድር ዳኞቹ ጋር ይቀመጥ። በፍሬ ከሚሸጥ ሱቅ ሳሙናም ደብተርም አንግዛ። አንድ ወር ብቻ እንሞክረው!

«ማጨስ የግል መብቴ ነው» ትለኛለህ አሉ፣ ወንድሜ። የዶርማችን የስድስት ሰው አየርስ የማን ነው?