ቶንጋን ያየናት ከሰማይ ነበር፤ ግን ማየት ብቻ በቂ ነው?

ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15፣ 2022) ደቡብ ፓሲፊክ ውስጥ ሁንጋ ቶንጋ ሁንጋ ሃአፓይ የተባለው የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ቦታው ከቶንጋ ዋና ከተማ ኑኩአሎፋ የሚርቀው 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሱናሚው ደሴቶቹን መታ፣ አመድ ሰማዩን ሸፈነ፣ ሀገሪቱን ከፊጂ ጋር የሚያገናኘው 827 ኪሎ ሜትር የኢንተርኔት ኬብል ተበጠሰ። ወደ 100 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ሀገር በአንድ ቀን ከዓለም ተቆረጠች።

ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ያሉ ቶንጋውያን ቢደውሉ አይነሳም፣ መልእክት ቢልኩ አይደርስም። ኔትወርክ ጠፍቶበት ከቤተሰቡ የተቆራረጠ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ታዲያ ዓለም የደረሰውን ጉዳት እንዴት አወቀ?

በመጀመሪያ በሳተላይት ነው። ተራ ካሜራ የያዘ ሳተላይት ደመናና አመድ ካለ ምንም አያይም። የራዳር ሳተላይት ግን አመዱንም ጨለማውንም አልፎ መሬቱን ያነባል። የአውሮፓው ሴንቲነል 1 እንዲህ ዓይነት ነው። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሳተላይት ማዕከል፣ ዩኖሳት፣ የ"በፊት" እና የ"በኋላ" ምስሎችን ማነጻጸር ጀመረ። ኖሙካ በተባለችው ደሴት ከታዩት 104 ሕንፃዎች 41ዱ ተጎድተው፣ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ አመድ ለብሰው ተገኙ። በሦስተኛው ቀን የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ የቅኝት አውሮፕላኖች በላይዋ በረሩ። የኑኩአሎፋ ኤርፖርት ማኮብኮቢያ በአመድ መሸፈኑ ታወቀ። ሰዎች በመጥረጊያና በአካፋ ካጸዱት በኋላ ነው የእርዳታ አውሮፕላን ማረፍ የቻለው።

እስከዚህ ድረስ ቴክኖሎጂው የሚመሰገን ነው። ግን ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም።

የሳተላይት ፎቶ ጣራ ያሳያል እንጂ ከጣራው ስር ስንት ሰው እንዳለ አያሳይም። የውኃ ታንከሩን ያሳያል፣ ውኃው በአመድ መበከሉን ግን አይናገርም። ቶንጋ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠጣው የዝናብ ውኃ ስለሆነ ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ፎቶው ጥቅም የሚሰጠው ከአደጋው በፊት የተሠራ መረጃ ሲኖር ነው፦ የቱ ቤት የት እንዳለ፣ የቱ መሬት ዝቅ እንደሚል፣ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ። "በፊት" የሌለው "በኋላ" ትርጉም የለውም።

የፓሲፊክ ሀገራት ይሄ ጠፍቷቸው አይደለም። ፒክራፊ በሚባለው ፕሮግራም በ15 የፓሲፊክ ሀገራት ሕንፃዎች፣ መንገዶችና እርሻዎች ተመዝግበው የአደጋ ስጋት ተሰልቷል። በዚህ መረጃ ላይ የቆመ ኢንሹራንስም አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ሳይክሎን ኢያን ቶንጋን ሲመታ 1.27 ሚሊዮን ዶላር የተከፈላት በቀናት ውስጥ ነበር። ቤት ለቤት ዞሮ የሚቆጥር ሰው አልተጠበቀም፤ የነፋሱ ጥንካሬ ከካርታው ጋር ተሰልቶ ነው ገንዘቡ የወጣው።

ከ2022ቱ ፍንዳታ በኋላም የዓለም ባንክ ጉዳቱን በርቀት ገምቶ 90.4 ሚሊዮን ዶላር አለ፤ ከሀገሪቱ ዓመታዊ ምርት 18.5 በመቶ ነው። ይሄ ቁጥር እርዳታ ለመጠየቅ ጠቅሟል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? በእኛ እይታ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መረጃው ቶሎ የሚደርሰው ለማን ነው? ኬብሉ በተበጠሰበት ሰዓት ጄኔቫ ያለ ባለሙያ የኖሙካን ካርታ ማየት ይችላል። ኖሙካ ላይ ያለው ሰው ግን አይችልም። ዋናው ኬብል የተጠገነው ከ5 ሳምንት በኋላ ነው፤ ራቅ ወዳሉት ደሴቶች የሚሄደው ደግሞ ከዓመት በላይ ፈጅቷል። ስለዚህ ካርታው አገልጋይ ላይ ብቻ ሳይሆን ታትሞ በየመንደሩ መኖር አለበት፤ የሳተላይት ስልክም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ሕይወት የሚያተርፈው ከአደጋው በኋላ የሚመጣው ፎቶ አይደለም። ማንጎ በተባለችው ደሴት ቤት የሚባል አልቀረም። ቶንጋ ውስጥ የሞቱት ሰዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ብዙዎች ወዴት መሮጥ እንዳለባቸው አውቀው ወደ ከፍታ ቦታ ወጥተዋል። ትልቁ ካርታ በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ነው።

የማንጎ ሰዎች ወደ ደሴታቸው አልተመለሱም። ሌላ ደሴት ላይ አዲስ መንደር ተሠራላቸው። እዚህ ላይም መንደሩ የት ይሠራ የሚለውን ለመወሰን ካርታ ያስፈልጋል፤ የሰዎቹ ፈቃድም ጭምር።

አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ የፖርቶፕሪንስን መንገዶች ከሳተላይት ፎቶ ላይ እያዩ በኦፕንስትሪትማፕ የሳሉት በየሀገሩ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አብዛኞቹ ሄይቲን ረግጠው አያውቁም። ያ ካርታ ዛሬም ክፍት ነው፤ በስልክም ይሠራል።

እናንተ የምትኖሩበት ሰፈር ካርታ ላይ አለ? ገብታችሁ እዩትና ንገሩን።