የክንድ ቆዳ ማንሻ ቀዶ ሕክምና፦ በእውነት ምን ይጠበቃል?

በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 2024 መገባደጃ ላይ፣ ናይሮቢ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል የውበት ሕክምና ማዕከል ስብ የማስመጠጥ ሕክምና ያደረገች አንዲት ሴት ሕይወቷ አለፈ። የአገሪቱ የሕክምና ተቆጣጣሪ ምክር ቤት የማዕከሉን ሥራ ያገደ ሲሆን፣ ጉዳዩም በኬንያ ሰፊ ክርክር አስነሥቷል።

ክርክሩ ከኬንያ ድንበር ያልፋል። በአዲስ አበባም ሆነ በካምፓላ፣ በዱባይም ሆነ በሪያድ የሚኖሩ የቀጣናው ሰዎች በስልካቸው ገጽ ላይ “በፊት” እና “በኋላ” የሚሉ ጥንድ ፎቶግራፎችን ያያሉ። ከሚተዋወቁት ሕክምናዎች አንዱ፣ ሐኪሞች ብራኪዮፕላስቲ የሚሉት የክንድ ቆዳ ማንሻ ቀዶ ሕክምና ነው። ከብብት እስከ ክርን ባለው የክንድ ክፍል የተንጠለጠለን ትርፍ ቆዳና ስብ ቆርጦ ማስወገድ ማለት ነው።

ይህ ሕክምና የሆድ ዕቃንም ሆነ ደረትን ስለማይከፍት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰዎች በሚጠብቁትና በሚያገኙት መካከል ያለው ርቀት ጎልቶ ከሚታይባቸው የውበት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው።

ፍላጎቱ ከየት መጣ?

የክንድ ቆዳ የሚላላው በዋናነት በዕድሜ፣ በዘር ውርስና በክብደት መለዋወጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2022 በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን አዋቂዎች ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ ከእነዚህም 890 ሚሊዮን የሚሆኑት ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ነበሩ። ክብደት የጨመረው ሕዝብ ብዙ በሆነ መጠን፣ ክብደቱን ለመቀነስ የሚጥረውም በዝቷል።

የጨጓራን መጠን የሚቀንሰው ቀዶ ሕክምና ለዚህ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው በቅርብ ዓመታት የመጡት የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱ መርፌዎች ናቸው። ለስኳር ሕመም የተፈቀደው ኦዘምፒክ ስሙ በመላው ዓለም የታወቀ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ያለው ዌጎቪ በሰኔ 2021 በአሜሪካ ለክብደት መቀነሻነት ተፈቅዷል። ስብ በፍጥነት ሲጠፋ ግን ለዓመታት ተለጥጦ የኖረው ቆዳ አብሮ አይሰበሰብም።

ፍላጎቱ ከመርፌዎቹ በፊትም እያደገ ነበር። የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መረጃ መሠረት፣ በ2000 ይህን ሕክምና ያደረጉ ሴቶች ከ300 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ በ2012 ግን ቁጥራቸው ከ15,000 አልፏል።

ፍላጎቱን “ከንቱ ቅንጦት” ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይደለም። ብዙ ክብደት የቀነሰ ሰው የተንጠለጠለው ቆዳ እርስ በርሱ እየተፋተገ ሊቆስልበት፣ በሙቀት ጊዜ ሽፍታ ሊወጣበት፣ ልብስም አልስማማ ሊለው ይችላል። የአካል እንቅስቃሴ የክንድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ የተለጠጠን ቆዳ ግን አይቆርጥም። ቅባቶችም ቢሆኑ ይህን የማድረግ አቅም የላቸውም። በተቃራኒው፣ ቀዶ ሕክምናው ክብደት መቀነሻ አይደለም። ሐኪሞች በአብዛኛው ክብደቱ ቢያንስ ለስድስት ወር ያህል ሳይዋዥቅ የቆየን ሰው ይመርጣሉ። ከሕክምናው በኋላ ክብደት ዳግመኛ ቢጨምርና ቢቀንስ ቆዳው እንደገና ሊላላ ይችላል።

ቆዳን በጠባሳ መለወጥ

ስለዚህ ሕክምና ቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ልውውጥ መሆኑ ነው። ታካሚው ትርፍ ቆዳውን ሰጥቶ ጠባሳ ይቀበላል።

በተለመደው አሠራር ስንጥቁ ከብብት ተነሥቶ እስከ ክርን አካባቢ ይደርሳል። ሐኪሙ መስመሩን በክንዱ ውስጠኛ ወይም የኋላ ገጽ ላይ ያደርገዋል። ብዙ ክብደት በቀነሱ ሰዎች ላይ ስንጥቁ ከብብት ወርዶ በደረት ጎን ሊቀጥልም ይችላል። እጅ ወደ ታች ሲሆን ጠባሳው ሊሸሸግ ይችላል፤ እጅ ሲነሣ ግን ይታያል።

የላላው ቆዳ ጥቂት ሲሆንና ከብብት ብዙም ሳይርቅ ሲቀር፣ ጠባሳውን በብብት ውስጥ የሚወስን አነስተኛ ስንጥቅ ሊበቃ ይችላል። ቆዳው ጥሩ የመሰብሰብ አቅም ኖሮት ችግሩ ስብ ብቻ ከሆነ፣ ስብ መምጠጥ ብቻውን ሊያገለግል ይችላል። ብዙ ቆዳ የተንጠለጠለበትን ሰው “ያለ ጠባሳ እናስተካክላለን” የሚል ማስታወቂያ ግን በጥርጣሬ ሊታይ ይገባዋል።

ይህ ነጥብ ለአፍሪካውያን አንባቢዎች ተጨማሪ ክብደት አለው። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ኬሎይድ ለተባለው፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ለሚያድግ ጠባሳ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። የጠባሳው አካባቢ የመጥቆር ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። ከዚህ ቀደም ጆሮ ሲበሳ፣ ክትባት ሲወሰድ ወይም በወሊድ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ያበጠ ጠባሳ የወጣበት ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት። የማስታወቂያ ፎቶግራፎች የሌላ ሰው ቆዳ የሰጠውን ውጤት እንጂ የተመልካቹን አያሳዩም።

ጊዜም ሌላው ጉዳይ ነው። እብጠቱ እስኪወርድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ጠባሳው በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎላ ብሎና ጠንክሮ ይታያል፤ እስኪለሰልስና እስኪደበዝዝ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ሁለቱ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የማይታየው ይህ በመካከላቸው ያለው ረጅም ጊዜ ነው። ሁለቱ ክንዶችም ፍጹም እኩል ይሆናሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ማገገሚያው ሳምንታት

ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው በሙሉ ሰመመን የሚከናወን ሲሆን፣ ታካሚው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ክንድን አጥብቆ የሚይዝ ልዩ እጅጌ ለሳምንታት ይለበሳል። አንዳንዴም ፈሳሽ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ለቀናት ከቁስሉ ጋር ይቆያል።

የቢሮ ሥራ ያለው ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ከባድ ዕቃ ማንሳትና ክንድን የሚያደክም እንቅስቃሴ ግን በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የተከለከለ ነው። ይህ በእኛ አካባቢ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። እንጀራ መጋገር፣ ልጅ ማዘል፣ ውኃ መቅዳት፣ ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ሹሩባ መሥራት ሁሉም የክንድ ሥራ ናቸው። በቤት ውስጥ የሚተካት ሰው የሌላት እናት፣ ወይም ከአሠሪዋ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ብቻ ያገኘች ሠራተኛ፣ ከገንዘቡ በፊት ይህን ጊዜ ማስላት ይኖርባታል።

ቁስል እንዲድን በቂ ፕሮቲንና ብረት ያስፈልጋል። ረጅም ጾም የሚጾም ሰው የቀዶ ሕክምናውን ወቅት ከሐኪሙ ጋር ቢመካከርበት ይጠቅመዋል። ሲጋራ ማጨስ የደም ዝውውርን ስለሚቀንስ ቁስሉ እንዲከፈት ያደርጋል፤ ሐኪሞችም ከሳምንታት በፊት ማቆምን ይጠይቃሉ። የሚወሰዱ መድኃኒቶች ሁሉ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያም ሆነ የባህል መድኃኒት፣ ለሐኪሙ ሊነገሩ ይገባል። ክብደት የሚቀንሱት መርፌዎችም ጨጓራ ምግብን ቶሎ እንዳያሳልፍ ስለሚያደርጉ፣ ሰመመን ሰጪው ባለሙያ አስቀድሞ ሊያውቃቸው ያስፈልጋል።

ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች

ከሚታወቁት ችግሮች መካከል የቁስል መከፈት፣ በተለይም በብብት አካባቢ፣ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ወይም ደም መቋጠር፣ እንዲሁም ኢንፌክሽን ይገኙበታል። ከክርን በታች ላለው ቆዳ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በዚያው አካባቢ ስለሚያልፍ መደንዘዝ ሊያጋጥም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ይሻሻላል፤ አንዳንዴ ግን ይቀራል። ሕይወትን የሚያሰጋ የደም መርጋት አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም ያጋጥማል። የእግር እብጠትና ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም የተሰማው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ርካሽ ጉዞ፣ ውድ ክትትል

ከእነዚህ ችግሮች ብዙዎቹ የሚታዩት ታካሚው ከሕክምና ማዕከሉ ከወጣ በኋላ ነው። ለሕክምና ወደ ውጭ መጓዝን የሚያወሳስበውም ይኸው ነው። በርካታ ማዕከላት ሆቴል፣ ትራንስፖርትና ቀዶ ሕክምናን በአንድ ዋጋ አጣምረው ያቀርባሉ። በመካከላቸው ብቃት ያላቸው ሐኪሞችና ደረጃቸውን የጠበቁ ሆስፒታሎች አሉ። ነገር ግን ጥቅሉ ታካሚው አገሩ ከተመለሰ በኋላ ያለውን ክትትል እምብዛም አያካትትም።

የበለጸጉት አገሮች ተሞክሮም ያስጠነቅቃል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2009 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት 93 አሜሪካውያን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ካደረጉት የውበት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው ማለፉን ገልጿል። የብሪታኒያ መንግሥትም ከጥር 2019 ወዲህ ለሕክምና ወደ ቱርክ ከተጓዙ ዜጎቹ ከ20 በላይ የሚሆኑት መሞታቸውን ጠቅሶ ተጓዦችን አስጠንቅቋል። እነዚህ አኃዞች የክንድ ቀዶ ሕክምናን ብቻ የሚመለከቱ አይደሉም። የሚያሳዩት ግን ርቀት ራሱ አደጋን እንደሚያባብስ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና ብዙም ሳይቆዩ ለረጅም ሰዓት መብረርም የደም መርጋት ዕድልን ይጨምራል።

አንድ አሜሪካዊ ቁስሉ ተከፍቶ ሲመለስ የሚያክመው ሆስፒታል ያገኛል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ጥቂቶች ናቸው። በ2015 ይፋ የሆነው የላንሴት ኮሚሽን ጥናት አምስት ቢሊዮን የዓለም ሕዝብ ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅሙን ያገናዘበ ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ አመልክቷል፤ ችግሩ ከሚጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። እንደ አዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል ባሉ የመንግሥት ተቋማት የሚሠሩ የዘርፉ ባለሙያዎች የቃጠሎ ጉዳተኞችን ጭምር ያክማሉ። በሌላ አገር ተጀምሮ የተበላሸ የውበት ቀዶ ሕክምና ሲመጣባቸው የሚጨናነቀው ይኸው ውስን አልጋና ጊዜ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከግለሰብ ምርጫ አልፎ የሕዝብ ጤናና የቁጥጥር ጥያቄ ይሆናል።

ከመወሰን በፊት

ቁጥጥሩ እስኪጠናከር ድረስ የታካሚው መከላከያ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚያከናውነው ሰው በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነና በአገሩ የተመዘገበ ሐኪም ነው? ሰመመን የሚሰጠው ማን ነው? ማዕከሉ ድንገተኛ ችግር ቢፈጠር ታካሚውን የሚያስተኛበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለው፣ ወይስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይልካል? የእኔን የመሰለ ቆዳ ያላቸው ታካሚዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ጠባሳቸው ምን ይመስላል? ቁስሉ ቢከፈት የሚያክመኝ ማን ነው? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሚሰጥ፣ አልፎ ተርፎም “ለአንተ ወይም ለአንቺ ይህ አያስፈልግም” ለማለት የሚደፍር ሐኪም እምነት የሚጣልበት ነው። ዛሬ ከከፈሉ ቅናሽ አለ ብሎ የሚያጣድፍ ደላላ ግን ሊታመን አይገባም። ቀዶ ሕክምናው አጣዳፊ አይደለም፤ አንድ ወር ዘግይቶ መወሰን የሚያሳጣው ነገር የለም።

ተስማሚ ጤንነት ኖሯቸው፣ ክብደታቸው ረግቶ፣ ጠባሳውን አስቀድመው ተቀብለው በሠለጠነ እጅ የታከሙ ብዙ ሰዎች በውጤቱ ይረካሉ። ከሕክምናው የሚጠበቀው ቀጠን ያለ፣ ልብስ የሚስማማው፣ ነገር ግን የስፌት መስመር ያለበት ክንድ ነው። በዚህ ልውውጥ የማይስማማ ሰው ሕክምናውን ቢተወው ይሻለዋል።