ሥራው ይላክ፤ ፍተሻው ግን አይቅር

ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ ለጉዳይ የወረደ ሰው «ሌላ ወረቀት አምጣ» ተብሎ ይመለሳል፤ ያንን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛ ይጠየቃል። መኪናው ቢፈጥንም ምልልሱ አይቀርለትም።

የኮምፒዩተሮችም ችግር ይኸው ነው። የመጀመሪያ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኢንፊኒባንድ የተባለው ፈጣን መረብ፣ አንዱ ኮምፒዩተር የሌላውን ማኅደረ ትውስታ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር እንዲያነብ ያስችላል። ነገር ግን መረጃው እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ሲሆን የአንዱ አድራሻ የሚገኘው ከፊተኛው ነውና፣ ለእያንዳንዱ አንድ ምልልስ ያስፈልጋል። አጭር ፕሮግራም ተልኮ መረጃው ባለበት ቢሠራ ግን ጉዳዩ በአንድ ጉዞ ያልቃል።

እኛ ይህን አሠራር እንደግፋለን። ሆኖም እንግዳ ትእዛዝ ሳይመረመር ወደ ሰው ቤት አይገባም። ፕሮግራሙ ማለቂያ እንዳለውና ከተፈቀደለት ክልል እንደማይወጣ አስቀድሞ ይረጋገጥ። በሊኑክስ ውስጥ ያለው ኢቢፒኤፍ የሚመጣለትን ፕሮግራም ከማሠራቱ በፊት እንዲህ ይፈትሻል፤ ስለዚህ «አይቻልም» ማለት አያዋጣም።

«ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው» የሚሉን ወንድሞችና እኅቶች ተሳስተዋል። የገረሴው ሰው መዝገብም ሆነ የእኛ ውጤት በኮምፒዩተር ይቀመጣል። በማን ቤት ማን ያዛል? ይህን መጠየቅ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችም ግዴታ ነው እንላለን።