የተነገረ ቃል የት ይሄዳል?

ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ የሥራ ባልደረባችን ወላጅ እናት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። መርዶውን የሰማነው በትምህርት ክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። እንደ ሌሎቹ ሁሉ እኛም «ነፍስ ይማር» ብለን፣ የሻማ ምልክት አክለን፣ ወደ ጀመርነው የፈተና እርማት ተመለስን። በዚያ ዕለት ከአርባ የማያንሱ ሰዎች ተመሳሳይ መልእክት ልከዋል። ከለቅሶው ቤት የደረሱት ግን፣ በኋላ እንደተረዳነው፣ ስድስት ብቻ ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልደረባችንን ጢሙን እንዳሳደገ በኮሪደሩ አገኘነው። አንገታችንን ደፍተን የይቅርታ ቃል ስንጀምር፣ «ኧረ መልእክትህ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎን አለፈ። በድምፁ ውስጥ ቅያሜ አልነበረም። ያስደነገጠንም ይኸው ነው፤ እርሱም ቢሆን ከእኛ ከዚያ የበለጠ አልጠበቀም ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ አካውንቶቻችንን ዘጋን። (ቲክቶክን የከፈትነው ተማሪዎቻችን ምን እንደሚያዩ ለማወቅ ነው እያልን ራሳችንን እናታልል ነበር።) በዚህ ጽሑፍ ለምን እንደዘጋን፣ ምን እንዳገኘንና ምን እንዳጣን ለወጣት አንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ነገሩን ከሙያችን እንጀምረው። ሰው በተለመደው ድምፁ ሲነጋገር ከአንደበቱ በድምፅ መልክ የሚወጣው ኢነርጂ በሴኮንድ ወደ 10 ማይክሮጁል፣ ማለትም የአንድ ጁል መቶ ሺኛ ግድም ነው። ይህ ኢነርጂ በክፍሉ አየር ውስጥ ጥቂት ተመላልሶ፣ በግድግዳው፣ በመጋረጃውና በተቀማጮቹ ልብስ እየተዋጠ፣ በተለመደ የመኖሪያ ክፍል ውስጥ አንድ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሙቀቱም መጠን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። 70 ሚሊ ሊትር የምትይዝን አንዲት ሲኒ ቡና በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 290 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ወሬያችን አንዳች ሳይባክን ወደ ሲኒዋ ቢገባ እንኳ ቀንና ሌሊት ሳናቋርጥ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት እስኪቀሩት ድረስ ማውራት ይኖርብናል። እንግዲህ በረከቦቱ ዙሪያ የተባለው ሁሉ ከሰሚዎቹ ልብ በስተቀር የትም አይቀርም።

በስልካችን የምንጽፈው ቃል ይህ ዕድል የለውም። ዲጂታል መረጃ በተገለበጠ ቁጥር አይደበዝዝም፤ መቶኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። እኛ ብንሰርዘውም የተሰረዘው ከዓይናችን እንጂ ከተገለበጠበት ሥፍራ ሁሉ አይደለም። ከጽሑፉ ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ ሳንጽፈው የምናስረክበው ነው፤ ይኸውም የት እንደዋልን፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ሥዕል ላይ ዓይናችን እንደቆየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኢቭ-አሌክሳንደር ደ ሞንትጆዬና ባልደረቦቹ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የተንቀሳቃሽ ስልክ መረጃ መርምረው ውጤቱን አሳትመው ነበር። የሰዎቹ ስም በመረጃው ውስጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ ከታወቁ 95 በመቶ የሚሆኑትን ሰዎች ዱካ ከሌላው ሁሉ ለይቶ ማውጣት ተችሏል። አራት ነጥብ ማለት እንግዲህ ጠዋት 1 ሰዓት ኮተቤ፣ 3 ሰዓት አራት ኪሎ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት መርካቶ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እንደገና ኮተቤ ነው፤ በቃ። ሒሳብ የሚወድ አንባቢ ምክንያቱን ወዲያው ያየዋል። በአንድ ከተማ 1,000 የስልክ አንቴናዎች ቢኖሩ፣ የአራት ቦታዎች ቅደም ተከተል በ1,000 × 1,000 × 1,000 × 1,000፣ ማለትም በአንድ ትሪሊዮን ልዩ ልዩ መንገዶች ሊደረደር ይችላል። የሰው ውሎ በዘፈቀደ ስላልሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እጅግ ያንሳል። ቢሆንም የከተማው ነዋሪ ጥቂት ሚሊዮን ነውና ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዱካ የሚኖራቸው ከስንት አንዴ ነው። በዚያው ዓመት ሚካል ኮሲንስኪና ባልደረቦቹ ከ58,000 በላይ ፈቃደኞች በፌስቡክ «ወደድኩት» ያሏቸውን ነገሮች በመመርመር ብቻ የፖለቲካ ዝንባሌንና ሃይማኖትን የመሰሉ ጉዳዮችን መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ከተማሪዎቻችን መካከል «እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚል አይጠፋም። ይህ አነጋገር ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝነናል፤ ሰጪው የሚሰጠው የራሱን ብቻ አይደለምና። አንድ መተግበሪያ በስልካችን የተመዘገቡትን ቁጥሮች እንዲያይ ስንፈቅድለት የእናታችንን፣ የሐኪማችንንና የአከራያችንን ቁጥር አብረን እናስረክባለን፤ ከእነርሱ አንድም የተጠየቀ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በወጣው የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይ፣ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ አላግባብ ተላልፎ ሊሆን እንደሚችል ፌስቡክ ራሱ አስታውቆ ነበር። መተግበሪያውን በገዛ እጃቸው የጫኑት ግን ወደ 300,000 ገደማ ነበሩ። የቀሩት፣ ከመቶው ከዘጠና ዘጠኝ በላይ የሚሆኑት፣ በወዳጆቻቸው በኩል ተወሰዱ። በቋንቋችን «ገበና» ስንል የቤትን ጉዳይ ማለታችን እንጂ የአንድን ሰው ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ከዘመኑ ሕግጋት ቀድሞ ነገሩን ተረድቶታል። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማውጣቷ መልካም ነው። ሆኖም አዋጅ አጥፊውን ይቀጣ እንደሆነ እንጂ የተበተነውን አይሰበስብም።

«ለመሆኑ ሰፈሩስ ገበና ይጠብቃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀን ይኖራል። አይጠብቅም። ቡና የተጠራ ጎረቤት የልጅን የፈተና ውጤት ከአባቱ ቀድሞ ያውቃል፤ በሐሜት የፈረሰ ትዳር እኛም አይተናል። ነገር ግን የሚያማንን ሰው ፊቱን እናውቀዋለን፤ የእርሱንም ጉድ እናውቃለን። ነገ በአንድ ድንኳን ሥር ጎን ለጎን መቀመጣችን ስለማይቀር አፉን በመጠኑ ይሰበስባል፤ ካልሰበሰበም ሽማግሌ ይላክበታል። የእድር ጸሐፊ ደብተርም ይህንኑ ያሳያል። በውስጡ የሚገኘው የአባላት ስም፣ የከፈሉት መዋጮና የተጣለባቸው መቀጫ ነው። መቀጫው ደግሞ በብዙ እድሮች ዘንድ ለቀብር ባልተገኘ አባል ላይ የሚጣል ነው። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ድንኳኑንና ወንበሩን አዋጥቶ፣ አካሉን ግን ያላመጣ ሰው ዕዳውን አልጨረሰም ማለት ነው። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች የሻማ ምልክት በስልክ መላክ እንደሚመጣ አላወቁም፤ መልሳቸውን ግን አስቀድመው ጽፈውታል።

ያጣነው ነገር የለም ብንል እንዋሻለን። በአውሮፓ የዶክትሬት ትምህርታችንን በተከታተልንባቸው ዓመታት የእህታችን ልጅ ዳዴ ሲል ያየነው በፌስቡክ ነው፤ በዚያ ብርድና ብቸኝነት ውስጥ ትልቅ ነገር ነበር። አሁንም በዚያ ከቀሩት ጓደኞቻችን ከሁለቱ ጋር ተቆራርጠናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ጥናትም የሚነግረን ተመሳሳይ ነው። ለአራት ሳምንታት ፌስቡክን የተዉ ሰዎች በቀን ወደ 60 ደቂቃ አተረፉ፤ ከቤተ ሰብና ከወዳጅ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ጨመረ፤ የደስታ ስሜታቸውም በመጠኑ ከፍ አለ፤ ስለ ወቅታዊ ዜና ያላቸው ዕውቀት ግን ቀነሰ። (ካተረፉት ጊዜ የተወሰነውን ብቻቸውን ቴሌቪዥን አይተውበታል፤ ሰው ያው ሰው ነው።) እኛም የመምህራን ስብሰባ ሁለት ጊዜ አምልጦናል። በአንጻሩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ክፍሉ ቡና ማፍላት ተጀምሯል። እናቱን ያጣው ባልደረባችንም ይመጣል። በአንዱ ዓርብ ስለ እናቱ ረጅም ጊዜ አጫወተን፤ የተናገረውን እዚህ አንጽፈውም።

ብቻውን የወጣ ሰው እንደሚጎዳ ከዚህ ተረድተናል። መምህር ስብሰባ ቢያመልጠው ይወቀሳል፤ ተማሪ ግን የቤት ሥራው፣ የፈተናው ቀንና የመማሪያ ክፍሉ ለውጥ ሁሉ በግሩፕ የሚነገረው ከሆነ መውጣት ቢፈልግም አይችልም። ያንን በር የዘጋንበት እኛ መምህራኑ ነን። በመሆኑም ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ለሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎቻችን የምንሰጠው የቤት ሥራ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሌሎች መምህራንም ቢያንስ በሰሌዳው ላይ ጨምረው እንዲለጥፉ እንጠይቃለን። በመጀመሪያው ሰኞ ስምንት ተማሪዎች ከሰሌዳው ፊት ቆመው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲከራከሩ አገኘናቸው፤ አንዷ ተማሪ የክርክሩን ሥዕል በግድግዳው አቧራ ላይ በጣቷ ሥላ ነበር። ሁለቱ ግን ወረቀቱን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ፈጥነው ሄዱ፤ ከምሳ በፊት ግሩፑ ላይ ሳይለጠፍ አልቀረም።