ኮድ ንባብ ብቻ አይደለም፤ ትርጓሜም አለው

ሰሞኑን መገናኛ አንድ ካፌ ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ የተቀመጠ የሰፈሬ ልጅ «ጋሼ፣ ፓይተን ልማር ወይስ ጃቫስክሪፕት? የቱ ያዋጣል?» አለኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከተጀመረ ወዲህ ይህን የሚጠይቅ ወጣት በዝቷል። ጅምሩ መልካም ነው። ጥያቄው ግን ግማሽ ነው።

ኮምፒውተር ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም አያውቅም፤ የሚያውቀው 0 እና 1ን ነው። ድሮ ሰው ራሱ በማሽኑ ቁጥር ይጽፍለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 አይቢኤም ፎርትራንን ሲያወጣ፣ ሒሳብ የሚመስለውን ጽሑፍ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልስ ኮምፓይለር አብሮ መጣ። በ1972 ገደማ ሲ፣ በ1991 ፓይተን ተከተሉ። ኮምፓይለር መጽሐፉን አንዴ ተርጉሞ እንደሚያስረክብ ሰው ነው፤ ኢንተርፕሬተር ደግሞ አጠገብ ቆሞ እየሰማ እንደሚናገር ቱርጁማን። ፓይተን በዝግታ የሚታማው ቱርጁማኑ ሁልጊዜ መሀል ስላለ ነው። በብዛት የምንጠቀምበት የፓይተን ቱርጁማን ራሱ የተጻፈው በሲ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ የጨረሰ ልጅ ዳዊት ይደግማል፤ ምስጢሩን የሚያገኘው ግን ትርጓሜ ቤት ሲገባ ነው። የኮድ ሥልጠናችን ብዙ ጊዜ ንባብ ቤት ላይ ይቆማል። ልጁ የቀዳው ኮድ ይሠራለታል፤ ሲበላሽበት የት እንደሚፈልግ አያውቅም። ንባቡንማ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ይወጣዋል።

ከመገናኛ ቀና ብላችሁ እንጦጦን እዩ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን የምድር ጣቢያ የተተከለው እዚያ ነው። ትእዛዙ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ ወደ ሰማይ የሚወጣው 0 እና 1 ሆኖ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ትርጓሜውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

«ሥራ ፈላጊ ለዚህ ጊዜ የለውም» የሚል ይኖራል። ቋንቋው ሲቀየር እንደገና ከሀ የሚጀምረው ግን መሠረቱን ያልያዘው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ትንሽ ቱርጁማን በእጁ ይሥራ፤ «ደምር 3 5» ሲሉት 8 ብሎ የሚመልስ። ፓይተን ከ2008 ጀምሮ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የተለዋዋጭ ስም ስለሚቀበል በአማርኛ መሞከር ይቻላል። እዚሁ የካ ያለው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚያፈራ ተቋም ነውና፣ ሥራው ከዚያ ቢጀመር ለየትምህርት ቤቱ ይደርሳል።

ለልጁም «በፓይተን ጀምር፤ ግን ከሥሩ ማን እንደሚተረጉምልህ ሳታውቅ እንዳትጨርስ» አልኩት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?